እቴቴ ሁለቴ አትጠይቅም

አርብ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ እያለ ግድግዳው ስሜን ጠራኝ።

«ኑርሁሴን፣ እንደምን አደርክ። የቤትህ አባል አቶ ይመር አሊ የምግብ ፍላጎታቸው ከተፈቀደው በታች ወርዷል። ረቡዕ ጠዋት ወደ ማገገሚያ ይወሰዳሉ። ልብስ መያዝ አያስፈልግም። መልካም ቀን።»

በዚያ ድምፅ ደግሞ! እሷ ሁሉም ቤት ውስጥ አለች። ምግባችንን በየልካችን መጥና ከግድግዳ የምታወጣልን እሷ ናት። ሲተክሏት የሰጧት ስም «መጋቢ» ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ግን መጋቢ ብሎ የሚጠራት ሰው አላውቅም። እቴቴ ነው የምንላት። ድምፅዋ የታላቅ እህት ነዋ። ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ የማይቆጣ። «አባትህን ልንወስደው ነው» ስትልህም «ጃኬት ደርብ፣ ይበርዳል» እንደምትልህ አድርጋ ነው።

አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ እንደሆነ ቀረሁ።

ማገገሚያውን አውቀዋለሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ነጭ ሕንፃ ነው። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ግቢው አበባ አለው። የገቡት ሰዎች በአፍንጫ በምትገባ ቀጭን ቱቦ ይመገባሉ፤ የሚጠይቃቸው የለም፣ እነሱም እምቢ አይሉም። ክብደታቸው ይጨምራል፣ ይሄ እውነት ነው። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤታችን አባቱን እዚያ ካስገባ ቆየ። እሁድ እሁድ በመስታወት ያየዋል። ሲመለስ ደረጃው ላይ ካገኘሁት «ወፍሯል» ይለኛል። ሌላ የሚለኝ ነገር ኖሮት አያውቅም።

አባቴ የወረኢሉ ሰው ነው። በ2031 ተወልዶ ዕድሜውን ሙሉ ገብስና ባቄላ ሲያርስ የኖረ። እናቴ ባለፈው ዓመት ስትሞትብን ብቻውን ሊቀር ሆነ፤ ሄጄ «ተነስ፣ እኛ ጋ ነው የምትኖረው» ብዬ ይዤው መጣሁ። እኔ ራሴ ከወረኢሉ የወጣሁት ገና ልጅ ሆኜ ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ እዚያም እቴቴ ነበረች፣ ከዚያ ወዲህ ከእሷ ውጪ ያበላኝ የለም። ባለቤቴ ሐያት ደግሞ እዚሁ ከተማ የተወለደች ናት። ድስት የምታውቀው በሥዕል ነው።

ቤታችን ወጥ ቤት የለውም። ድሮ ወጥ ቤት የነበረችው ክፍል ውስጥ የሐያት ጫማዎች ተደርድረዋል። ጠዋት ተነስተህ መለያ የታሰረበትን የእጅ አንጓህን ግድግዳው ላይ ታስጠጋለህ፣ እቴቴ ትጠይቅሃለች፣ እሺ ትላለህ፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ኩባያህ ይወጣል። የኔ ቡናማ ነው። የሐያት፣ ነፍሰ ጡር ስለሆነች፣ አረንጓዴ ነው። ሰዓታችንም አይገጥምም፤ የአንተ ሆድና የእሷ ሆድ አንድ አይደለም ተብሏል። ትጠጣዋለህ፣ ኩባያውን ትመልሳለህ፣ አለቀ። ጥርስ ያለን ለፈገግታ ነው።

ደግሞ መዋሸት አልፈልግም፤ ስኳር በሽታ ከከተማችን ጠፍቷል። ደም ግፊት የሚባለውን ሐያት ሰምታው አታውቅም። እቴቴ ሥራዋን ትሠራለች።

አባቴ ግን መጥቶ ብዙም ሳይቆይ መክሳት ጀመረ። ሱሪውን በገመድ አሰረ። ጉንጩ ገባ። ምርመራ ወሰድነው፣ ሆዱ ደህና ነው ተባለ። ጥርሱ ከኔ ጥርስ ይሻላል። ሐዘን ነው ብለን ስናስመረምረው ሐዘኑም የተፈቀደው ልክ ላይ ነው አሉን። ባለፈው ሳምንት ሠፈራችንን የምትከታተለው ነርስ ሲስተር ፋሲካ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፣ አንጓዋ ላይ ያለችው መሣሪያ የሚሏትን ሁሉ ትቀዳለች።

«አቶ ይመር፣ የጎደለብዎት ነገር አለ?» አለችው።

«ኧረ ምን ይጎድልብኛል ልጄ! ሁሉ ሙሉ ነው፣ ተመስገን።»

«ምግብስ ይበላሉ?»

«በደንብ! እያበሉ ገደሉኝ እኮ እነዚህ ልጆች።»

ፋሲካ መሣሪያዋን አየች፣ አባቴን አየች።

እና ያን አርብ ሥራ መግባት አቃተኝ። ፒያሳን ሁለቴ ዞርኩት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንዴት አድርጌ ልንገረው እያልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። አባቴ ከግድግዳው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አላየኝም።

«አባባ ይመር፣ ምሳዎ ደርሷል። ይመገባሉ?» አለች እቴቴ።

«ኧረ አይ፣ ይቅርብኝ። አንቺ ብዪ።»

«እሺ አባባ። መልካም ቀን።»

ጠቅ። ክዳኑ ተዘጋ።

አባቴ አልተነሳም። ወንበሩን ትንሽ ወደ ግድግዳው አስጠጋና ክዳኑን ያይ ጀመር። ያኔ ነው እጁን ያየሁት። እጁ እርጥብ ነው። ታጥቧል። ሊበላ ታጥቦ፣ እጁን ከጉልበቱ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እየጠበቀ ነው።

«አባባ» አልኩት።

ደነገጠ። «መጣህ? አሁን በልቼ መነሳቴ ነው።»

«አልበላህም። ሰምቼሃለሁ።»

እርጥብ እጁን ጉልበቱ መሃል ደበቀ።

«ርቦህ ነው አይደል?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለኝ፣ ተቆጥቶ። «አንዴ ትጠይቃለች፣ ትተዋለች። ከግድግዳ ልለምን?»

«እሺ በላታ!»

«እንዴ! ገና አፏን ከመክፈቷ? ዘልዬ? የሰው ቤት ማዕድ ላይ?»

«የሰው ቤት አይደለም እኮ፣ የልጅህ ቤት ነው።»

እጁን ሱሪው ላይ አደረቀ፣ ቀስ እያለ፣ ጣት በጣት። «የልጄ ቤት ቢሆንማ» አለ፣ «ሰው ነበር ብላ የሚለኝ። መጀመሪያ የመሰለኝን ልንገርህ? ኑሮ ከብዷቸዋል አልኩ። አንዴ ጠርቶ የሚተው፣ ብዙ የሌለው ሰው ነው። ደግሞ ልጅ ሊመጣባችሁ ነው። ለእሱ ይትረፍ ብዬ ነው። ከወረኢሉ በያዝኩት በሶ ነው የቆየሁት፣ እሱም አለቀ።»

ወራት ሙሉ አባቴ ለልጄ እየቆጠበ ሲራብ ኖሯል፤ እኔ በራፉ ላይ «ደህና አደርክ» እያልኩ ሥራ እሄዳለሁ።

ረቡዕ ሊወስዱት እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ሩቅ ነው?» ብቻ አለኝ።

ወዲያው ግድግዳውን አዘዝኩ። «እቴቴ፣ አባቴ እምቢ ሲል ደግመሽ ጠይቂው።»

«ይቅርታ ኑርሁሴን። እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ጫና ነው። ጫና ክልክል ነው።»

ይሄን እኔም አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሳምንት ነው የሚያስተምሩን። ሐያት ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ራሷ ናት የምታስተምረው። ልጆቹን በክብ አስቀምጣ «አንዴ እንጠይቃለን፣ ከዚያ እናከብራለን» እያሰኘች ታስጨበጭባቸዋለች። ስትመጣ የሆነውን ስነግራት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ሰማችኝ።

«ርቦት እያለ እምቢ ይላል?» አለች። «ለምን?»

«ይሉኝታ ነው።»

«እሺ፣ እሺ እንዲል እናለማምደዋለን።»

ራት ላይ አለማመድነው። አባቴን ግድግዳው ፊት አስቀመጥነው፣ እኔና ሐያት ከጎን ቆመን በእጃችን እናበረታታዋለን። እቴቴ ጠየቀች። አባቴ ላብ አላበው። ወደኔ አየ፣ ወደ ሐያት አየ።

«እ… እሺ» አለ በመጨረሻ። ጨበጨብን። «ግን ትንሽ። ለአመል ያህል።»

«እሺ አባባ» አለች እቴቴ፤ ክዳኑ ተከፈተ፤ ኩባያው ውስጥ አንድ ማንኪያ የምትሆን ነገር አለች።

አባቴ ኩባያውን አጋድሎ አየው። «ትንሽ ሲባል ትንሽ ይሰጣል እንዴ?» አለ። «ማናት ያሳደገቻት ይቺን?»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ። የሱ ኩባያ በሱ አንጓና በሱ ድምፅ ካልሆነ አይወጣም፤ እኔ ልቀዳለት አልችልም። ሐያትም አትችልም።

«በእጃችን ብናበላውስ?» አልኩ። «የሱን ምግብ። የድሮውን።»

ሐያት ሆዷን ያዘች። «ያልተለካ ምግብ እዚህ ቤት?»

«ለሱ ነው፣ ለአንቺ አይደለም።»

«ቂንጬ የሚሉት ነገር አለ አይደል?» አለች። «ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። የገብስ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ገብስ ፍለጋ ወጣሁ። የሚሸጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የወፍ ምግብ ሱቅ። ልጅቷ እየሞላችልኝ ከረጢቱን አየችና «ስንት ወፍ ነው ያለህ?» አለችኝ።

«አንድ። ትልቅ ነው።»

ድስት ደግሞ ምድር ቤት እትዬ ትርሲት ጋ እንዳለ አውቃለሁ። እትዬ ትርሲት ጧፍ እየሠራች ለቤተክርስቲያን የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሰሙን የምታቀልጥባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለቻት፤ መስኮቷ ላይ ደግሞ ከአያቷ የወረሰችው የሸክላ ድስት አለ፣ አበባ ተክላበታለች። ነገሩን ስነግራት አበባውን ከነሥሩ ነቅላ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ምድጃውንም ውሰደው» አለችኝ። «ግን ቅቤ እንዳታስገቡበት። ጾም ነው፤ እኔ ሳልቀምስማ ድስቴ ባዶውን አይመለስም።»

«ቅቤ ከየት አባቴ አመጣለሁ እትዬ ትርሲት?»

«እሱስ ልክ ነህ። ተልባ አለኝ፣ ለፀጉሬ የማስቀምጠው። ቆልተን እናደርግበታለን።»

ገብሱን አጠብን፣ ውሃ ሞላንበት፣ ጣድን። ፈላ። ፈላ። ቀኑ ተጋመሰ፣ አሁንም ይፈላል። ከሰዓት በኋላ እትዬ ትርሲት አንዱን ፍሬ በጥርሷ ሞክራ ተፋችው። ሐያት አባባን ጠራችው፤ አንዷን ፍሬ አንስቶ በጣቶቹ አሸት አደረጋትና ሳቁ ፈነዳ። እንደዚያ ሲስቅ እናቴ ከሞተች ወዲህ አይቼው አላውቅም።

«ይሄ ለበቅሎ ነው! ሳይፈተግ?»

«መፈተግ ምንድነው?» አለች ሐያት።

«ገለባውን ማውለቅ ነዋ! ትንሽ ውሃ ነካ አድርገሽ ሙቀጫ ውስጥ… ከዚያ…» ቆመ። ግንባሩን አሸ። «ከዚያ ምን እንደምታደርግ እንጃ። እኔ የማውቀው እስከ ጎተራ ነው። ከጎተራ ወዲያ ያለው የእናትህ ነበር።»

አራት ሰው ቆመን የማናውቀውን ነገር ማሰብ ጀመርን። እትዬ ትርሲት የከተማ ልጅ ናት፣ አታውቅም። አባቴ ሃምሳ ዓመት በልቶታል፣ አንድም ቀን አልሠራውም። በመጨረሻ የሚያስታውሰውን እንዲነግረን አደረግን። ድምፁን ያስታውሳል፤ መጀመሪያ ዱብ ዱብ ሳይሆን ሽው ሽው የሚል ነው፣ እርጥብ ስለሆነ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በነፋስ ገለባው ይለያል። ከዚያ እንደገና ይወቀጣል፣ አሁን ለመሰባበር ነው፣ ያኔ ድምፁ ይደርቃል።

ሙቀጫ የለንም። እትዬ ትርሲት የድንጋይ የአበባ ማስቀመጫ አመጣች፤ እኔ ስፖርት የምሠራበትን የብረት ዘንግ በፈላ ውሃ አጠብኩ። አዲስ ገብስ አርጥበን ጀመርን። መጀመሪያ እኔ ወቀጥኩ፣ አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ «አይደለም… አይደለም… እሱ ነው! እሱን ያዘው!» እያለ። ክንዴ ሲዝል ሐያት ቀማችኝ።

«አንቺ ተይ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ» አልኳት።

«ክንዴ አልጸነሰም» አለችኝ።

ሕንፃው ይንቀጠቀጣል። እቴቴ «ያልታወቀ ድምፅ አለ» ትላለች። ጎረቤት በር አንኳኳ፣ ሌላው ተከተለ፣ «ምን ተሰበረ?» እያሉ መጥተው ቆመው ያያሉ። ያ አባቱ ማገገሚያ ያለው ጎረቤታችንም መጣ። ምንም ሳይል ዘንጉን ከሐያት እጅ ተቀበለ፤ ብዙ ወቀጠ፤ ምንም ሳይል ሄደ።

እሁድ ጠዋት፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ፣ አባቴ ሰገነቱ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ የሚያስተምረው ሰው አልፈለገም። ጣቱን ልሶ ነፋሱን ለካ፣ ጀርባውን ሰጠው፣ ገብሱን በሁለት እጁ እየዘገነ ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ፍሬው አንሶላው ላይ ይወርዳል፣ ገለባው ይሄዳል። የሄደው ታች የተሰጣ ልብስ ላይ ነው፤ ከታች ስድብ መጣ፤ አባቴ «ይቅርታ እመቤቴ፣ በረካ ነው!» ብሎ መለሰና ቀጠለ። ሐያት ከኋላው ቆማ ታየዋለች። ይሄ ሰው እቤታችን ከገባ ጀምሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነበር የምናውቀው። ቁመቱ እንደዚያ ረጅም መሆኑን አላስተዋልንም ነበር።

ደግመን ወቅጠን ሰባበርነውና ጣድነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ በሰለ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እቴቴ «ያልታወቀ ሽታ አለ፣ መስኮት ልክፈት?» አለች፤ ሐያት «ተይው» አለቻት። ቂንጬውን ሰፊ ሳህን ላይ ገለበጥነው፣ የተቆላውንና የተወቀጠውን ተልባ አፈሰስንበት፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠን አራታችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። አንድ ሳህን ላይ አራት ሰው። ለሐያት የመጀመሪያዋ ነው።

አባቴ እጁን ታጥቧል። ሳህኑን አየው፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«ብሉ እናንተ» አለ። «እኔ ይቅርብኝ።»

«አፈር ስሆን ጋሽ ይመር!» ብላ እትዬ ትርሲት ወዲያው ገባች። «ይሄን ሁሉ ለፍተን! እርስዎ ካልጀመሩ እኔም እጄን አልሰድም!»

«አላህ ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» ይላል ፈገግ ብሎ። የሚያየው ግን እትዬ ትርሲትን አይደለም።

እትዬ ትርሲት ሐያትን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «እኔ እንግዳ ነኝ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የቤቱ እመቤት አንቺ ነሽ።»

ሐያት ጉሮሮዋን ጠረገች። «አባባ፣ ይበሉ።»

«ይቅርብኝ ልጄ።»

«እሺ አባባ» አለች።

ከአፏ ያመለጣት ነው። በእቴቴ ድምፅ ነው ያለችው፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ቁርጥ እሷን። ሁላችንም ሰማነው። እሷም ሰማችው። አባቴ አንገቱን ደፋ፤ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ጉልበቱ መለሰ።

ሐያት ፊቷ ቀላ። ምን እንደታገላት አውቃለሁ፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ የተማረችው፣ ለተማሪዎቿም እያስጨበጨበች የምታስተምረው ነው። ደግማ ብትጠይቅ ሰው መድፈር ነው የሚመስላት።

«አይ» አለች። «እሺ አይደለም።» ወደ እትዬ ትርሲት አየች፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞረችና ጮኸች ማለት ይቻላል፦ «በሞቴ አባባ! በሞቴ ብያለሁ!»

አባቴ ቀና አለ። ዓይኑ ሞልቷል።

«አትሙቺብኝ» አለና እጁን ሰደደ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ለራሱ አልነበረም። ጠቅለል አድርጎ ወደ ሐያት አፍ ዘረጋው። እሷ ወደ ኋላ ሸሸት አለች፣ «ያልተለካ ነው እኮ አባባ»፣ እሱ እጁን አላወረደም፣ «በሞቴ» አለ እሱም፣ ምን ታድርግ፣ ጎረሰች። ማላመጥ አታውቅም። እንደሚጠጣ ነገር ልትውጠው ሞክራ አነቃት፣ እትዬ ትርሲት ጀርባዋን መታች፣ ሳቅን፣ እንደገና ሞከረች። አንጓዋ ጮኸ፦ «ሐያት፣ ያልታወቀ ምግብ ወስደሻል።»

«ወስጃለሁ» አለች አፏ እንደሞላ። መንጋጋዋን በእጇ ደግፋ እያላመጠች ነበር። ሳህኑ ሲያልቅ መንጋጋዋን አመማት። «ሰዎች በየቀኑ እንዲህ ያደርጉ ነበር?» አለች።

አባቴ ስንት ጊዜ እምቢ እንዳለና ስንት ጊዜ እንደለመንነው አልነግራችሁም። በላ። ከበላ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው።

ሰኞም ሠራን። ማክሰኞ ሐያት ጫማዎቿን አልጋ ሥር ገፍታ ምድጃውን እዚያች ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው። የአተር ክክ አገኘን፣ ጎመን ደግሞ እትዬ ትርሲት ከአንድ ግቢ አጥር ሥር ቆርጣ መጣች፣ የማን እንደሆነ አልጠየቅንም። አባቴ ጉንጩ ቀለም አወጣ። ሐያት በእቴቴ ሰዓት መብላት ትታ እሱ ሲቀመጥ ትቀመጣለች፤ አረንጓዴውን ኩባያዋንም ትጠጣለች፣ ለጥንቃቄ ነው ትላለች፣ ከቂንጬው በኋላ።

እቴቴ ግን ያልተለካውን አትቆጥርም። እሷ የምታውቀው አቶ ይመር ከግድግዳው ምንም እንዳልወሰዱ ነው። ማክሰኞ ማታ «ነገ ጠዋት ነው፣ ልብስ መያዝ አያስፈልግም» አለችኝ።

ረቡዕ ሲስተር ፋሲካ መጣች። ከኋላዋ ራሱን የሚገፋ አልጋ ደረጃውን ወጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

«ይበላል!» አልኳት ሳታርፍ። «ከእሁድ ጀምሮ ይበላል፣ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው፣ እዪው ፊቱን!»

አየችው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፤ ሊወስዱት ይመጣሉ ብዬው ስለነበር ጠዋት ተላጭቷል። «ፊታቸው ጥሩ ነው» አለች ፋሲካ። «ግን ያልተለካ ምግብ አይቆጠርልኝም፤ በኔ እጅ አይደለም።» ድምፅዋን ቀነሰች። «አንድ መንገድ ነው ያለኝ። እሳቸው ራሳቸው፣ በገዛ አፋቸው፣ መብላት እንደሚፈልጉ ከተናገሩ ልተዋቸው እችላለሁ። አንዴ ነው የምጠይቀው። አንተ ብትነግራቸው ወይ ብትጠቅሳቸው ጫና ይባላል፣ ይሰረዛል። ወደ ኋላ ቁም።»

ወደ ኋላ ቆምኩ። አባቴን አውቀዋለሁ። እንግዳ ሰው፣ ያውም ነርስ፣ ያውም ሴት ልጅ ቆማ «ይፈልጋሉ?» ስትለው ይሄ ሰው «ርቦኛል» ሊል? በረሃብ ይሞታል እንጂ አይላትም።

ፋሲካ ጎንበስ አለች፣ አንጓዋን አስጠጋች። «አቶ ይመር፣ መብላት ይፈልጋሉ?»

አባቴ አያት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። «አረፍ በይ እንጂ ልጄ፣ ቆመሽ» አለ። መሣሪያዋ ላይ ያለችው መብራት ብጫ ሆና ትጠብቃለች። አባቴ አልጋውን አየው፣ በሩ ላይ፣ ነጭ አንሶላ ተነጥፎበታል። ከዚያች የጫማ ክፍል ደግሞ የዘንጉ ድምፅ ይሰማል። ሐያት እየወቀጠች ነው፣ ፋሲካ መምጣቷንም አልሰማችም። ድምፁ ደርቋል፣ ሊሰባበር ነው።

አባቴ ከፋሲካ ዞረ።

«አንቺ ሐያት!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት አባባ!»

«ኧረ ርቦኛል! ዛሬ የማንበላ ነን?»

ዘንጉ ቆመ። «ገና ነው!» ብላ ጮኸች ከውስጥ። «አሁን አይደል እንዴ የጀመርኩት? ይጠብቁ!»

እዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ አድርጎ የጮኸበት ሰው ኖሮ አያውቅም። አባቴ ፊቱ በራ። «ልጅቷ ክፉ ናት» አለ ለፋሲካ፣ በኩራት።

ፋሲካ መሣሪያዋን አየች። ብጫዋ መብራት ጠፍታለች፣ አረንጓዴዋ በርታለች። «ለእኔ ነው የመለሱት ወይስ ለእሷ?» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ ነው ያለችው። ከዚያ እጅጌዋን ወደ ታች ስባ አንጓዋን ሸፈነችው። አልጋው በሩ ላይ ትንሽ ቆየና ዞሮ ባዶውን ደረጃውን ወረደ፤ እያንዳንዷ ደረጃ ላይ ሲንኳኳ ሰማነው።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ሐያት ከእጇ ላይ ዱቄት እያራገፈች ብቅ አለች፤ ፋሲካን ስታይ ክው አለች፤ አባቴ ምንጣፉ ላይ ጠጋ እያለ ቦታ ሲያስለቅቅ አየችና ገባት። ተመልሳ ሄደች፣ ሌላ እፍኝ ገብስ ጨመረች።

«እኔ እንኳ በልቻለሁ፣ ይቅርብኝ» አለች ሲስተር ፋሲካ።

ማንም አልሰማትም።